ፍራንክ ስፕራግ

ፍራንክ ጁሊያን ስፕራግ (እ.ኤ.አ. ጁላይ 25 ቀን 1857 – ኦክቶበር 25 ቀን 1934) አሜሪካዊ የኤሌክትሪክ መሐንዲስና የፈጠራ ሰው ነበር። የኤሌክትሪክ ከተማ ባቡርን ለሰፊ አገልግሎት በማብቃቱና ሞተርን እንደ ፍሬን በመጠቀሙ ይታወቃል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ስፕራግ የተወለደው በኮኔቲከት ግዛት፣ ሚልፎርድ ከተማ ነው። እናቱ በልጅነቱ ስለሞተች በማሳቹሴትስ አክስቱ ዘንድ አደገ። በ1878 ከአሜሪካ የባሕር ኃይል አካዳሚ ተመረቀ። በ1883 ከባሕር ኃይል ለቆ ለቶማስ ኤዲሰን ተቀጠረ፤ በዓመቱ ግን ወጥቶ የራሱን ኩባንያ መሠረተ። በ1888 በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሪችመንድ የዘረጋው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር ሥራ ጀመረ። ባቡሮቹ የከተማዋን ቀጥ ያለ ዳገት መውጣት በመቻላቸው ሌሎች ከተሞችም በፈረስ የሚጎተቱ ባቡሮቻቸውን በኤሌክትሪክ ተኩ። በ1897 ደግሞ የበርካታ ፉርጎዎችን ሞተሮች አንድ ሹፌር በአንድነት የሚቆጣጠርበትን ዘዴ በቺካጎ አስጀመረ። በኒው ዮርክ አርፎ በአርሊንግተን መቃብር ተቀበረ።

ኃይል የሚመልስ ፍሬን

ተራ ፍሬን የሚይዘው በመፋተግ ስለሆነ የተሽከርካሪው ኃይል ሙቀት ሆኖ ይባክናል፤ የፍሬኑም ሸራ ያልቃል። ስፕራግ በ1880ዎቹ በሠራው ዘዴ ግን ባቡሩ ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ሞተሩ ያን ጊዜ ጄኔሬተር ሆኖ ኤሌክትሪክ ወደ መስመሩ ይመልሳል፤ ይህም ባቡሩን ያዘገየዋል። ዘዴው የሚሠራው ግን የተመለሰውን ኃይል የሚቀበል፣ ለምሳሌ ዳገት የሚወጣ ሌላ ባቡር፣ ሲኖር ነው።

በኤሌክትሪክ ብስክሌት

በብስክሌት ላይ ኃይሉን የሚቀበለው ባትሪው ነው። ለምሳሌ ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ፣ በፎገራ ሜዳ ዳር ያለችው ወረታ ደግሞ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከነጋላቢው 100 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌት ይህን 900 ሜትር ሲወርድ 245 ዋት-ሰዓት ያህል ኃይል ይለቃል። ከፊሉን ንፋስና ጎማ ይወስዱታል፤ ከቀሪው ሞተሩ የቻለውን ካልመለሰ ሌላው በሙሉ ፍሬኑን ያግላል። ሆኖም ደብረ ታቦር ላይ ባትሪውን ሞልቶ የተነሳ ሰው የሚመለሰውን ኃይል ማስቀመጫ ስለማይኖረው ቁልቁለቱን የሚወርደው በተራው ፍሬን ነው። በፔዳል ሳይነዳ በነፃ የሚሽከረከር ጎማ ያላቸው ብዙ ብስክሌቶችም ጎማው ሞተሩን ስለማያዞረው ኃይል መመለስ አይችሉም። ስለዚህ ይህ ዘዴ የሸራውን ዕድሜ ቢያረዝምም ተራውን ፍሬን አይተካም።