የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ፦ ለማዕድን ጥናት ተልከው በሥዕል አገራቸውን ያገለገሉ

የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ በኢትዮጵያ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ታሪክ ስማቸው በቀዳሚነት ከሚነሣ ሠዓልያን አንዱ ናቸው። በሸራ ላይ ሥዕል፣ በግድግዳ ሥዕል፣ በሞዛይክ፣ በቅርጻ ቅርጽና በመስታወት ሥዕል ሠርተዋል፤ ፖስተሮችን፣ የፖስታ ቴምብሮችንና የመጫወቻ ካርታዎችንም ነድፈዋል። የሕይወት ታሪካቸው ሲመረመር ጎልቶ የሚታየው አንድ ጉዳይ ነው፤ እርሱም አገር ለአንድ ሙያ ልካ ያስተማረችው ወጣት በሌላ ሙያ ተመልሶ ዕዳውን እንዴት እንደከፈለ ነው።

አፈወርቅ በጥቅምት ወር 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። በዛሬው የሰሜን ሸዋ ዞን የምትገኘው አንኮበር አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች፣ በተራራ አናት ላይ የተሠራች ጥንታዊት ከተማ ናት። ሕፃኑ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር አገሪቱን ወረረ። የልጅነት ዘመናቸው ያለፈው በጦርነትና በወረራ ውስጥ ሲሆን፣ ነፃነት ሲመለስ የጠበቃቸው የፈረሰውን መልሶ የመገንባት ዘመን ነበር።

ከነፃነት በኋላ መንግሥት የተማረ የሰው ኃይል እጥረቱን ለማቃለል ወጣቶችን እየመረጠ ወደ ውጭ አገር ይልክ ነበር። አፈወርቅም እ.ኤ.አ. በ1947፣ በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜያቸው፣ የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ወደ እንግሊዝ ተላኩ። በሌይተን ፓርክ ትምህርት ቤት ሲማሩ በሒሳብ፣ በኬሚስትሪና በታሪክ ጥሩ ውጤት አስመዘገቡ። ይሁን እንጂ ከልጅነታቸው አብሯቸው የኖረው የሥዕል ዝንባሌ ከመምህራኖቻቸው ዓይን አልተሰወረም። በእነርሱ ማበረታቻ ወደ ሥነ ጥበብ ለመዞር ወሰኑ።

ይህ ውሳኔ ቀላል አልነበረም። በዚያን ዘመን መሐንዲስ፣ ሐኪምና የሕግ ባለሙያ ለአገሪቱ የሚሰጡት ጥቅም ግልጽ ነበር። ሥዕል ግን በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተደርጎ የሚታይ ሙያ በመሆኑ የመንግሥት ተማሪ ሊሰማራበት የሚገባ መስክ መሆኑ ገና አልተለመደም። ወጣቱ ተማሪ በለንደን ሴንትራል የሥነ ጥበብና የእደ ጥበብ ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ ወደ ታዋቂው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በዚያም ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና ሥነ ሕንፃን አጠኑ። በስሌድ ከተማሩ የመጀመሪያዎቹ አፍሪካውያን መካከል ይቆጠራሉ።

ወደ አገራቸው ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእያቸውን አቀረቡ። ከዚያ በኋላ እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው ለሁለት ዓመታት ያህል በኢጣሊያ፣ በፈረንሳይ፣ በስፔን፣ በፖርቱጋልና በግሪክ ተዘዋወሩ። በዚህ ጉዞ ሁለት ነገሮችን ገበዩ። አንደኛው የመስታወት ሥዕል ጥበብ ነው። ሁለተኛው በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን ጥንታውያን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች በቅርብ መመርመራቸው ነው። የአባቶቻቸውን የሥዕል ቅርስ ጠለቅ ብለው ያጠኑት ከአገራቸው ርቀው መሆኑ የዘመኑን ሁኔታ የሚያሳይ ነው።

ይህ ጥናት በሥራዎቻቸው ላይ ጥልቅ አሻራ ጥሏል። በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ባህል ጻድቃን ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኖቻቸው ጎልተው ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በአንድ ጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። የአካል መጠን፣ ጥላና ርቀት የሥዕሉ ዋና ጉዳይ አይደሉም፤ ዋናው መልእክቱ ነው። የአውሮፓ ትምህርት ቤት ደግሞ የሰውነትን አጥንትና ጡንቻ፣ የብርሃንን አቅጣጫና የቦታን ጥልቀት በትክክል መሣልን ያስተምራል። አፈወርቅ ሁለቱን ለማዋሐድ ጣሩ። ሰዎቻቸው በእውን እንደሚታየው ሰው ሥጋና ክብደት አላቸው፤ ደማቅ ቀለማቸው፣ ጎላ ያሉት ዓይኖችና ግልጽ ምሳሌያዊ መልእክታቸው ግን ከብራናው የተወረሱ ናቸው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. እንደ ገብረ ክርስቶስ ደስታና እስክንድር ቦጎሲያን ያሉ የዘመናቸው ሠዓልያን ወደ ረቂቅና ወደ ሕልማዊ አሣሣል ሲያመሩ፣ አፈወርቅ የሰውን መልክና የአገርን ገጽታ አልለቀቁም።

ከተሰጧቸው የመጀመሪያ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ በአዲስ አበባ የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልን በግድግዳ ሥዕልና በሞዛይክ ማስጌጥ ነበር። ይህ ካቴድራል ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑበት ሲሆን፣ በፋሺስት ወረራ ዘመን ጉዳት ደርሶበት ነበር። ስለዚህ ሥራው የማስጌጥ ብቻ ሳይሆን የተጎዳን የአገር ቅርስ የመጠገንም ነበር። በደብረ ሊባኖስ ገዳም ቤተ ክርስቲያን የሚታዩት የመስታወት ሥዕሎችም የእርሳቸው ናቸው።

ስማቸውን ከኢትዮጵያ አልፎ በአፍሪካ ያስጠራው ግን በአፍሪካ አዳራሽ የሠሩት የመስታወት ሥዕል ነው። በአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የተነደፈው አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመርቆ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ ሆነ። በመግቢያው የቆመው የአፈወርቅ ሥራ ወደ 150 ካሬ ሜትር የሚሰፋ ሲሆን ሦስት ክፍሎች አሉት። በአንደኛው ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ፣ በሦስተኛው ቢጫ ቀለም ያይላል። የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የነፃነት ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ይተርካል፤ በተስፋው ክፍል ችቦ የያዘ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከፊት ሆኖ ሲራመድ ይታያል።

የመስታወት ሥዕል እንደ ሸራ ሥዕል አይደለም። ብርሃን ከበስተኋላው ካላለፈበት ደብዝዞ ይቀራል፤ ፀሐይ ስትወጣና ስትጠልቅም የቀለሙ ኃይል ይለዋወጣል። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 25 ቀን 1963፣ የነፃዎቹ የአፍሪካ አገሮች መሪዎች በዚሁ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ በዚህ ብርሃን ሥር አልፈዋል። ማዕድን ከምድር እንዲያወጡ የተላኩት ሰው ለአህጉሩ ታሪካዊ ቀን መልክ የሰጠ ሥራ አበረከቱ።

በዚያው ዘመን ከተሣሉት የሸራ ሥራዎቻቸው መካከል እ.ኤ.አ. በ1959 የሠሩት «የመስቀል አበባ» እና በ1963 የሠሩት «እናት ኢትዮጵያ» በሰፊው ይታወቃሉ። «የአፍሪካ ቅርስ» የተሰኘው ታላቅ ሸራ ደግሞ በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ለሕዝብ ከቀረቡት ሥራዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ድርጅትን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበሉ። ራሳቸውን የሣሉበት ሥዕልም በኢጣሊያ ፍሎረንስ በሚገኘው ኡፊዚ ሙዚየም የቋሚ ስብስብ አካል ሆነ።

በሥራቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይወሳው የነደፏቸው ቴምብሮች ናቸው። ሸራ የሚታየው በሙዚየም ነው፤ ቴምብር ግን በደብዳቤ ላይ ተለጥፎ ከከተማ ወደ ገጠር ይጓዛል። አዲስ አበባን አይቶ የማያውቅ የሩቅ ወረዳ ነዋሪ፣ የፖስታ መልእክት እስከ ደረሰው ድረስ የሠዓሊን እጅ ሥራ በመዳፉ ይይዛል። ከራያ ቆላማ ከተሞች፣ ከቆቦ ወይም ከዋጃ፣ ለትምህርት ወደ ዋና ከተማዋ የሚመጣ የዛሬ ወጣትም ብሔራዊ ሙዚየምን ሲጎበኝ ያንኑ እጅ በትልቁ ያገኘዋል።

ሎሬት አፈወርቅ በሦስት መንግሥታት ዘመን ሠርተዋል። ሥርዓቶች ሲለዋወጡም ሥዕልን አልተዉም። መኖሪያቸውና የሥራ ቦታቸው የነበረው፣ ቪላ አልፋ ብለው የሰየሙት ቤት የሚገኘው በአዲስ አበባ አሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ ነው። ንድፉን ያወጡት ራሳቸው ሲሆኑ ከጎንደር ቤተ መንግሥትና ከሌሎች የአገሪቱ ጥንታውያን ሕንፃዎች ቅርጾችን ወስደውበታል። ከዋና ዋና ሥራዎቻቸው ብዙዎቹን ከመሸጥ ይልቅ በዚሁ ቤት አቆይተዋቸዋል። ይህም ሥራዎቹ በውጭ ገዢዎች እጅ እንዳይበተኑ ረድቷል፤ በሌላ በኩል ግን አብዛኛው ሕዝብ ሥራዎቹን የሚያውቀው በኅትመት ብቻ እንዲሆን አድርጓል።

ሎሬት አፈወርቅ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው በአዲስ አበባ ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም በመንበረ ጸባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። የአፍሪካ አዳራሽ ሰፊ እድሳት ተደርጎለት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ዳግም ተከፍቷል፤ የመስታወት ሥዕሉም ለአዲሱ ትውልድ ብርሃኑን ይሰጣል።

ሸራ በእርጥበት ይበላሻል፤ ቀለም በፀሐይ ይደበዝዛል፤ መስታወት ይሰነጠቃል፤ ወረቀትም በጊዜ ብዛት ይቢጫል። ስለዚህ ቅርስን መውረስ ብቻ አይበቃም፤ መመዝገብ፣ መጠገንና ለሕዝብ ዓይን ማቅረብ ያስፈልጋል። አፈወርቅ ተክሌ አገር ያወጣችባቸውን ወጪ በቀለምና በብርሃን መልሰዋል። ተማሪዎች፣ መምህራንና የቅርስ ባለሙያዎች ሥራዎቹን እየጎበኙ፣ እያጠኑና እየተንከባከቡ ማቆየታቸው ደግሞ የተቀባዩ ትውልድ ድርሻ ነው።