ዶክተር አክሊሉ ለማና እንዶድ

ቢልሃርዝያ ድምፁን አጥፍቶ የሚገባ በሽታ ነው። ወንዝ ወርዶ የሚዋኝ ልጅ፣ ውኃ የምትቀዳ እናት፣ በመስኖ ማሳ ላይ የሚውል ገበሬ ከውኃው ሲወጣ ምንም አይታየውም። ይሁን እንጂ የበሽታው ረቂቅ እጭ በዚያች ጊዜ ቆዳውን በስቶ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እጩ በሰውነት ውስጥ አድጎ ትል ይሆናል፤ ወንዱና ሴቷም ተጣምረው ከአንጀት ወደ ጉበት በሚወስደው የደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ሴቷ ከምትጥለው እንቁላል ከፊሉ ከዓይነ ምድር ጋር ሲወጣ፣ ከፊሉ በደም ተወስዶ በጉበት ውስጥ ይቀራል። ጉበትም በየእንቁላሉ ዙሪያ ጠባሳ እያበጀ ይጠጥራል። የደሙ መንገድ ይጠብባል፤ ጣፊያ ያብጣል፤ ሆድ ውኃ ይቋጥራል፤ በሽታው የጸናበትም ሰው ደም እስከ ማስታወክ ይደርሳል።

ከሰው የወጣው እንቁላል ግን ሌላውን ሰው በቀጥታ አይዝም። በውኃ ውስጥ ተፈልፍሎ በመጀመሪያ በቀንድ አውጣ ገላ ውስጥ መራባት ይኖርበታል። ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የዶክተር አክሊሉ ለማ የሕይወት ሥራ ያረፈው በዚህች ቀለበት ላይ ነው።

አክሊሉ ለማ በ1935 ተወለዱ (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአሜሪካ አገር በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1964 ዶክትሬታቸውን አገኙ። በዚያው ዓመት ቀንድ አውጣዎችን ለማጥናት ወደ ዓድዋ ተጓዙ። በወንዙ ዳር ሲመላለሱም አንድ ነገር ዓይናቸውን ሳበው፤ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ወረድ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ ይልቅ በዝተው ተገኙ። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። የእንዶድ ፍሬ ደርቆ ሲወቀጥና በውኃ ሲበጠበጥ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ ነጠላና ጋቢ ሲነጣበት ኖሯል። አክሊሉ ከአጣቢዎቹ አንዷን ለምነው አረፋውን በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በያዘ ዕቃ ውስጥ አስጨመሩ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። በዚያ ወንዝ ዳር ስንት ሰው አልፎ ይሆን? የተማረ ዓይን የሚፈተነው እንዲህ ባለው ስፍራ ነው።

በ1966 በአዲስ አበባ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው የእንዶድ ቅመምም በምርመራ ተለይቶ በስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ ልዩ ልዩ የእንዶድ ዓይነቶችን ሰብስበው ኃይለኛውን ዝርያ መረጡ።

ዋናው ፈተና ግን በዓድዋ ከ1969 እስከ 1974 የተደረገው ነበር። በከተማይቱ ወንዞች እንዶድ በየጊዜው ሲጨመር ቆይቶ ሕዝቡ ተመረመረ። በሽታው የተገኘባቸው ሰዎች ቁጥር ከመቶ 63 ከነበረው ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ አለ። ከ1 እስከ 5 ዓመት ባሉት ሕፃናት ዘንድ ግን ከመቶ 50 የነበረው 7 ብቻ ሆነ። ይህ ልዩነት የሚያስደንቅ አይደለም። አዋቂው አስቀድሞ የገቡበትን ትሎች ለዓመታት ተሸክሞ ይኖራል፤ ውኃው መንጻት አለመንጻቱን የሚመሰክረው አዲስ ወደ ወንዝ የወረደው ሕፃን ነው።

ይህን የመሰለ ውጤት ተይዞም መንገዱ አልቀናም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዶድ በሰውና በአካባቢ ላይ ጉዳት የማያደርስ መሆኑ ደረጃቸው በታወቀ ላቦራቶሪዎች እንዲረጋገጥ ጠየቀ። ጥያቄው በራሱ ተገቢ ነበር፤ እንዶድ ዓሣን እንደሚገድል የታወቀ ነውና። ነገር ግን ምርመራው የሚጠይቀው ገንዘብና መሣሪያ በድሆች አገር አልነበረም። የበለጸጉት የመድኃኒት ኩባንያዎችም ከየገበሬው አጥር ሥር ከሚለቀም ፍሬ የሚያገኙት ትርፍ ስለሌለ አልጓጉለትም። አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሲሠሩም ጉዳዩን አልተዉትም። በ1983 በሉሳካ ዓለም አቀፍ የሊቃውንት ጉባኤ ተደረገ፤ የደኅንነቱም ምርመራ በካናዳ ርዳታ ተካሄደ። በ1989 አክሊሉና ለገሠ የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን በአንድነት ተቀበሉ።

በእነዚያ ዓመታት ፕራዚኳንቴል የተባለው ትሉን የሚገድል ኪኒን ተስፋፍቶ ስለ ነበር፣ እንዶድ እንደታሰበው በሰፊው ሥራ ላይ አልዋለም። ሆኖም ኪኒኑ በሽተኛውን እንጂ ወንዙን አይፈውስም፤ ድኖ ወደዚያው ውኃ የተመለሰ ልጅ እንደገና ይያዛል።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ሚያዝያ 5 ቀን 1997 አረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በስማቸው ይጠራል።