ቅድስት ማክሪናና አንድ ልብሷ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጾም ሲገባ ከሥጋና ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል እንከለከላለን። ጾም ግን የሆድ ብቻ እንዳልሆነ፣ ዓይንና ጆሮ፣ አንደበትና እጅም አብረው መጾም እንዳለባቸው አባቶቻችን ያስተምሩናል። ታዲያ ስለ ልብሳችን አስበን እናውቃለን? ሆዳችን እየጾመ የልብስ ሣጥናችን እየጠገበ አይደለም ወይ?

ስለ ክርስቲያን ሴቶች አለባበስ ሲነሣ ወሬው ቶሎ ብሎ ስለ ቀሚስ ርዝመትና ስለ ጨርቅ መሳሳት ይሆናል። ይህም መነገር ያለበት ነው። ቅዱስ ጴጥሮስ በመጀመሪያይቱ መልእክቱ ምዕራፍ 3፣ ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ በላከው የመጀመሪያው መልእክት ምዕራፍ 2 ስለ ሴቶች ጌጥ ሲያስተምሩ ግን ወርቁንና ሹሩባውን ከልብ የዋህነትና ከመልካም ሥራ ጋር እያነጻጸሩ ነው። የጌጡን ቦታ ሌላ ጌጥ እንዲይዘው ነው የፈለጉት። ይህን በሕይወቷ ፈጽማ ያሳየችን አንዲት እናት አለችን። እርሷም የታላቁ የቅዱስ ባስልዮስ እኅት ቅድስት ማክሪና ናት። ሕይወቷን የጻፈው ደግሞ ሌላው ወንድሟ ቅዱስ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው። በሞተችበት ቀን አጠገቧ ስለነበረ ያየውን ነው የጻፈው።

ከሰማዕታት ቤት

ቅድስት ማክሪና የተወለደችው በ327 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው። አገሯም በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 2 ስማቸውን የምናነባቸው ቀጰዶቅያና ጳንጦስ ናቸው፤ ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር ውስጥ ይገኛሉ። ስሟን ያገኘችው ከአባቷ እናት ነው። አያቷ ማክሪና የጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራትን ትምህርት ጠብቃ ለልጅ ልጆቿ ያስተላለፈች ሴት ነበረች። በስደቱም ዘመን ከባለቤቷ ጋር በጳንጦስ ጫካ ሰባት ዓመት ያህል ተሰድዳ ኖራለች። የእናቷ የኤሚሊያ አባት ደግሞ በነገሥታቱ ቁጣ ተገድሎ ሀብቱ ተወርሷል።

እንግዲህ ቤታቸው የባለጸጋ ቤት ነበር። መሬታቸው በሦስት አውራጃ የተበተነ ስለነበር ግብር የሚከፍሉት ለሦስት ገዥዎች ነበር። ማክሪና የበኩር ልጅ ናት። እናቷ ልትወልዳት ስትል በሕልሟ ሕፃኗ ቴክላ ተብላ ስትጠራ ሰምታ ነበርና ቤተሰቡ በምሥጢር የሚያውቃት በዚህች በታላቋ ሰማዕት ስም ነበር።

ዳዊት ደጋሚዋ ልጅ

በዚያ ዘመን የባለጸጋ ልጆች የሚማሩት የአሕዛብን ቅኔና ተረት ነበር። ኤሚሊያ ግን ይህ ለልጇ እንደማይበጅ አይታ መጻሕፍተ ሰሎሞንንና ዳዊትን አስተማረቻት። ማክሪና ከመኝታዋ ስትነሣ፣ ሥራ ስትጀምርና ስትጨርስ፣ ማዕድ ስትቀርብ፣ ልትተኛ ስትል፣ ሌሊትም ስትነሣ ዳዊት ትደግም ነበር። እጇም ሥራ አይፈታም፤ በሱፍ ሥራ የታወቀች ባለሙያ ነበረች። ሌሎች ሴቶች ልብስ ሲለብሱ እርሷ ልብስ የሚሠራበትን ድካም ታውቀዋለች ማለት ነው።

መልኳ እጅግ ውብ ከመሆኑ የተነሣ ሠዓሊዎች እንኳ ሊሥሉት እንዳልቻሉ ጎርጎርዮስ ጽፏል። ይህን ማስተዋል ይገባናል፤ ጨዋ አለባበስ መልክ ላጣች ሴት የተሰጠ መሸፈኛ የሚመስላቸው አሉና። ማክሪና የተሸፈነችው የምታፍርበት ነገር ኖሯት አይደለም። የከበረ ዕቃ በየሜዳው ስለማይጣል ነው።

ያልፈረሰው ቃል

ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት አባቷ ከብዙ ጠያቂዎች መካከል ትምህርቱን የጨረሰ፣ ጠባየ መልካም ወጣት መርጦ አጫት። ወጣቱ ግን ሳይጋቡ ሞተ። ወላጆቿ ሌላ ባል ሊፈልጉላት ቢሞክሩም እሺ አላለችም። እጮኛዋ በትንሣኤ ተስፋ በእግዚአብሔር ዘንድ ሕያው እንደሆነና ሩቅ አገር እንደሄደ ሰው እንደሚቆጠር፣ ለሄደ ሰው ታማኝ አለመሆን ደግሞ ነውር እንደሆነ አስረዳቻቸው። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ ላትለይ ወሰነች። ብዙ አገልጋዮች ባሉበት ቤት በገዛ እጇ እንጀራ እየጋገረች እናቷን ትመግብ ነበር።

ለውበቷ ተመልካች የሚሆን ባል አልነበራትም፤ ፈላጊም አትፈልግም። ለማን ትልበስ? ለእግዚአብሔር ብቻ ለበሰች። ባለትዳርም ሆነች ያላገባች ክርስቲያን ሴት መስታወት ፊት ስትቆም ይህንኑ ጥያቄ ራሷን ብትጠይቅ መልካም ነው።

እመቤትና ገረድ በአንድ ማዕድ

ወንድሟ ባስልዮስ ከትምህርት አገር ሲመለስ በንግግር ችሎታው ልቡ ታብዮ ነበር። ሹማምንቱንም ይንቃቸው ነበር። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከዚህ ትዕቢት መልሳ ወደ ምናኔ ሕይወት የሳበችው እኅቱ ማክሪና ናት። ዛሬ ቅዳሴ ባስልዮስን የምንሰማ ሁሉ ከዚያ በስተጀርባ የአንዲት እኅት ምክር እንዳለ ልብ እንበል።

ሌላው ወንድማቸው ናውክራጥዮስ ደግሞ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ በጫካ ተቀምጦ እያደነ ድሆች ሽማግሌዎችን ይመግብ ነበር። አንድ ቀን ለአደን እንደወጣ በድንገት ሞቶ ተገኘ። መርዶው ሲመጣ እናቲቱ ኅሊናዋን ስታ ወደቀች። ያን ጊዜ የራሷን ኀዘን በልቧ ይዛ እናቷን ያጸናች ማክሪና ነበረች።

ከዚህ በኋላ እናትና ልጅ አኒሳ በሚባለው ርስታቸው በምናኔ ኖሩ። ማክሪና እናቷን የመከረቻት ነገር ለዚያ ዘመን ሰው የሚገርም ነበር። የእመቤትነቱ ወግ እንዲቀር፣ ገረድና ባሪያ የነበሩት ሁሉ እኅቶች ተብለው እንዲቆጠሩ፣ ማዕዱም መኝታውም የኑሮው ዕቃም ለሁሉ አንድ ዓይነት እንዲሆን አደረገች። ልብስ ጌታና ባሪያ የሚለይበት ምልክት በነበረበት ዘመን የባለጸጋይቱ ልጅ ያላት ነገር ሁሉ የቀድሞ ገረዷ ካላት ጋር እኩል ሆነ። ረኃብ በመጣ ጊዜም ያ ቤት ለብዙ ሰው መጠጊያ ሆነ። ማክሪና በየመንገዱ የወደቁ ልጆችን እያነሣች አሳደገች። ለልብስ የሚወጣ ገንዘብ ባይቀር ኖሮ እነዚያ ልጆች ምን ይበሉ ነበር?

በደረቷ ላይ የወጣው እባጭ

አንድ ጊዜ በማክሪና ጡት ላይ ክፉ እባጭ ወጣ። ወደ ልቧ እንዳይዘልቅ ስለተፈራ እናቷ ለሐኪም እንድትታይ ለመነቻት። ማክሪና ግን ገላዋን በእንግዳ ሰው ፊት መግለጥ ከሕመሙ ይልቅ ከበዳት። ማታ እናቷን አገልግላ ስትጨርስ ወደ መቅደሱ ገብታ ሌሊቱን ሙሉ በእግዚአብሔር ፊት አለቀሰች። በእንባዋ የራሰውን ጭቃ በቁስሉ ላይ አደረገች። ሲነጋም እናቷ በገዛ እጇ በቁስሉ ላይ የመስቀል ምልክት እንድታደርግላት ለመነች። እናቲቱ እጇን ሰድዳ ስታማትብ እባጩ ጠፍቶ ነበር፤ መርፌ ወግቶት እንዳለፈ ያለ ትንሽ ምልክት ብቻ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከብደኛል። ይህን ታሪክ ሰምታ ሕመሟን የምትደብቅ እኅት አትኑር። የማክሪና ነገር ለእርሷ የተሰጠ ልዩ ጸጋ ነው። የገዛ ወንድሟ ባስልዮስ በቂሳርያ ከተማ አጠገብ ለድሆችና ለሕሙማን ማረፊያ ሠርቶ ሐኪሞችን አቁሞበታል። በጡቷ ላይ እባጭ ያየች ሴት ሳትዘገይ ወደ ሐኪም ትሂድ፤ ይህ ጨዋነቷን አይነካባትም። ከታሪኩ የምንወስደው ሌላ ነው። ማክሪና ማንም በማያያት ስፍራም ለሰውነቷ ክብር ነበራት። ገላችን የመንፈስ ቅዱስ ማደሪያ ነው ብለን የምናምን ከሆነ አለባበሳችን ከዚያ እምነት መነሣት አለበት።

ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ተገኘ

በ379 እ.ኤ.አ. ቅዱስ ባስልዮስ ካረፈ ከዘጠኝ ወር ገደማ በኋላ ጎርጎርዮስ እኅቱን ለማየት መጣ። አርዮሳዊው ንጉሥ ቫሌንስ ባመጣው ስደት ምክንያት ስምንት ዓመት ያህል ሳይተያዩ ቆይተው ነበር። ሲደርስ በጽኑ ታማ አገኛት። የተኛችው አልጋ ላይ አልነበረም፤ መሬት ላይ በተዘረጋ፣ ማቅ በለበሰ ሳንቃ ላይ ነበር። ትራሷም እንጨት ነው። በዚያ ሕመም ውስጥ ሆና ስለ ነፍስና ስለ ትንሣኤ እያስተማረች ወንድሟን አጽናናችው። በማግስቱ ማታ መብራት ሲገባ ዓይኗን፣ አፏንና ልቧን አማትባ በጸሎት ላይ እንዳለች ዐረፈች።

ከዚያ ግንዘት መጣ። ጎርጎርዮስ የደናግሉ አለቃ የሆነችውን ዲያቆናዊት ላምጳድያን ለመገነዣ የሚሆን የተቀመጠ ልብስ እንዳለ ጠየቃት። መልሱ አስለቀሰው። ማክሪና ያላት ከላዩዋ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ አንድ ካባ፣ አንድ የራስ መሸፈኛ፣ አንድ ያረጀ ጫማ። በሣጥንም በጓዳም የተሰወረ ምንም የለም። በአንገቷ ላይ የተገኘው ጌጥ ደግሞ በቀጭን ክር የታሰረ የብረት መስቀልና የብረት ቀለበት ነበር፤ በቀለበቱም ውስጥ ከዕፀ መስቀሉ የተቆረሰ ነበረበት። መስቀሉን ስትገንዛት የነበረችው ባልቴት ቬቲያና ወሰደች። ቀለበቱ ለጎርጎርዮስ ደረሰው። የዚያ ሁሉ ርስት ወራሽ የነበረችው ሴት ያወረሰችው ይህንን ነው።

ጎርጎርዮስ ያመጣውን ያማረ በፍታ አለበሷት። እኅቶቹ ግን እንደ ሙሽራ አጊጣ ደናግሉ ሊያዩዋት እንደማይገባ ስለተሰማቸው የእናቷን የኤሚሊያን ጥቁር ካባ ከላይ ደረቡላት። በዚያ ጥቁር ልብስ ውስጥ ሆና ፊቷ ያበራ እንደነበር ጎርጎርዮስ መስክሯል።

የቀበሯትም ወላጆቿ ባረፉበት በአርባዎቹ ሰማዕታት ቤተ ክርስቲያን ነው። እነዚህ መጋቢት 13 ቀን በዚሁ በዐቢይ ጾም የምናስባቸው፣ በበረዶ ውስጥ ራቁታቸውን ቆመው የሞቱት የስብስጥያ ሰማዕታት ናቸው። መቃብሩ ሲከፈትም ጎርጎርዮስ የወላጆቹን ዐፅም ዕርቃን እንዳያይ በንጹሕ በፍታ አስሸፈነው። የኖኅ ልጆች ሴምና ያፌት ያደረጉትን ነው ያደረገው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ጨዋ ልብስ ማለት ውድ ልብስ ማለት አይደለም። ረጅም ሆኖ፣ ነጭ ሆኖ፣ በጥልፍ አጊጦ የሌሎችን ልብ የሚያደማ ልብስ አለ። በዓል በመጣ ቁጥር አዲስ የሐበሻ ቀሚስ ባለማግኘቷ ከቤተ ክርስቲያን የምትቀር እኅት ካለች፣ ያስቀረናት እኛ በልብስ የምንፎካከረው ነን። ታጥባ የነጣች አሮጌ ነጠላ በእግዚአብሔር ፊት አታሳፍርም።

ሁለተኛ፣ ልብስ ለትዕቢት መሣሪያ እንደሚሆን ሁሉ ጨዋነትም የትዕቢት መሣሪያ ሊሆን ይችላል። ቅድስት ማክሪና የሌሎችን ልብስ ስትመረምር አናገኛትም። የራሷን ነው የተወችው። በደጀ ሰላም ቆመን በአለባበሷ ያልተስተካከለችን ልጅ በቁጣ ብናባርራት ተመልሳ አትመጣም። ቀርበን፣ በእናትነትና በእኅትነት ወግ፣ ከሰው ለይተን ብንነግራት ግን ትሰማለች። ነጠላ ትርፍ ያላት ብታውሳትማ ምንኛ መልካም ነው!

ሦስተኛ፣ ይህ ትምህርት ለሴቶች ብቻ አይደለም። ወንዶችም ዓይናችንን እንድንጠብቅ፣ እኛም ከልብስ ኩራት እንድንጾም ታዘናል። የራሳችንን ዓይን ሳንገዛ በእኅቶቻችን ላይ ብቻ ብንፈርድ እንዴት ይቀበለናል?

አራተኛ፣ በዚህ ጾም አንድ ሥራ እንሥራ። ሣጥናችንን እንክፈት። ዓመት ሙሉ ያልለበስነውን፣ ለታይታ የገዛነውን፣ የማያስፈልገንን እንለይና በደጃችን ለቆመው ለታረዘው እንስጥ። ጌታችን በመጨረሻዋ ቀን ከሚጠይቀን አንዱ የታረዘውን ማልበሳችንን ነው።

ሁላችንም አንድ ቀን እንገነዛለን። ያን ጊዜ ሣጥናችን ሲከፈት ምን ይገኝበት ይሆን? የማክሪና ሣጥን ባዶ ነበር፤ ሀብቷን ሁሉ አስቀድማ በሰማይ አኑራዋለችና።

የቅድስት ማክሪና ጸሎቷና በረከቷ አይለየን። የቀረውን ጾም በሰላም ፈጽመን ለብርሃነ ትንሣኤው ያድርሰን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር አሜን።