ፖል ኤርሊክና የሰውነት ዘቦች

በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያን መንገድ ስትወጡ ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበትን ቤት ታልፋላችሁ። እሱ በሳምባ ነቀርሳ ሲሠቃይ ኖሮ በ1922 እ.ኤ.አ. አረፈ። በዚያው በሽታ የተያዘው ሌላው አይሁዳዊ ሐኪሙ ፖል ኤርሊክ ነበር። በ1854 ተወለደ፤ ታሞ ግብፅ ሰንብቶ ጤናው ተመለሰለት። በ1908 ጀርም ዋጭ ህዋሳትን ካገኘው ከሜችኒኮፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ኤርሊክ ሰውነት ራሱን እንዳያጠቃ የሚያግደው ነገር አለ ይል ነበር። በ1915 ሞተ። ተከታዮቹ ግን ነገሩን ጨርሶ አይሆንም ብለው ለብዙ ዓመታት ተዉት፤ ያሳዝናል።

ይሆናል። እነዚያ የመጀመሪያ ዘቦች የሚያሰሙት የማንቂያ ጥሪ ልክ ሲያልፍ ሌሎቹን ህዋሳት በገዛ አካል ላይ ሊያስነሣ ይችላል። ልጆችን የሚይዘው፣ ኢንሱሊን የሚሠራውን የቆሽት ክፍል የሚያጠፋው የስኳር በሽታ ከዚህ ወገን ነው፤ በእኛም ልጆች ላይ ይታያል። ልጃችሁ ውሃ ካበዛ፣ ሽንት ካመላለሰው፣ ከከሳ፣ ለነገ ሳትሉ በዚያው ቀን ወደ ኩፓት ሆሊም ውሰዱት።