አዲስ አበባ የተወለደው የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ሰው

ሐዋሳ አሞራ ገደል የሚሄድ ሁሉ ዛሬ ፎቶ አንሺ ነው። አባ ኮዳው፣ ጉሬዛውና ዓሣ አጥማጁ በየሞባይሉ በቀለም ይነሳሉ። እኔ ግን ሐይቁን ባየሁ ቁጥር የማስታውሰው የቀለም ፊልም ከመጣም በኋላ ከጥቁርና ነጭ ያልተለየውን ዊልፍሬድ ቴሲጀርን ነው።

ቴሲጀር እ.ኤ.አ በ1910 አዲስ አበባ፣ አባቱ በሚመሩት የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ጎጆ ውስጥ ተወለደ። በስድስት ዓመቱ ከሰገሌ በድል የተመለሰውን ሠራዊት ጃንሜዳ ላይ አየ፤ ያ ትዕይንት ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። በዘጠኝ ዓመቱ እንግሊዝ ቢወሰድም፣ በ1930 ለአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ተጋብዞ ተመለሰ።

በ1933 መጨረሻ፣ በ23 ዓመቱ፣ አዋሽን ተከትሎ ወደ አፋር ወረደ። ወንዙ ባሕር ሳይደርስ የት እንደሚቀር ለአውሮፓውያን እንቆቅልሽ ነበር። አፋሮች ጥንቱንም የሚያውቁትን፣ አዋሽ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያበቃ፣ እርሱም በዓይኑ አረጋገጠ። በ1934 ታጁራ ደረሰ። በጉዞው የያዘው የአባቱን አሮጌ ኮዳክ ነበር፤ ዝነኛውን ላይካ የገዛው ከዚያ በኋላ ነው።

ሰውየው ጻድቅ አልነበረም። ሱዳን ውስጥ በመንግሥት ሥራ ሳለ፣ ራሱ እንደጻፈው፣ 70 አንበሳ ገድሏል። በ1941 ጎጃም ውስጥ ከአርበኞች ጎን ጣሊያንን ወጋ። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ የዐረብን በረሃ በግመል አቋረጠ። በ1959 ደግሞ በቅሎ አስጭኖ በደቡብ ኢትዮጵያ እስከ ኬንያ ድንበር ተጓዘ። መኪና የሚጠላ ሰው ስለነበር አገሩን ያየው በእግረኛ ፍጥነት ነው። ፎቶዎቹም ይህንኑ ይመሰክራሉ።

በ2003 በ93 ዓመቱ ሲሞት 38,000 ያህል ኔጋቲቭ ትቶ አለፈ። ዛሬ ኦክስፎርድ በሚገኘው የፒት ሪቨርስ ሙዚየም ተቀምጠዋል።

የዚህ ሀብት ዋጋ ከውበት ያለፈ ይመስለኛል። ቴሲጀር ካለፈበት በኋላ የአዋሽ ውኃ ለመስኖ ተጠለፈ፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽም አቤ ሐይቅ ክፉኛ ሸሸ። እዚሁ ሐዋሳ አጠገብ፣ ውኃውን በጥቁር ውኃ ወንዝ በኩል ወደ ሐዋሳ ሐይቅ የሚልከው ጨለለቃም ሐይቅ ነበር፤ አሁን ረግረግ ነው። ልጆቻችን ጨለለቃ ሐይቅ ነበር ብንላቸው ተረት ሊመስላቸው ይችላል። አንድ አሮጌ ፎቶ ግን ክርክሩን ይዘጋል። ለዚህም ነው ያነሳነውን ሁሉ ቀኑንና ቦታውን ጽፈን ማስቀመጥ ያለብን።