ሰሚ ያገኘ ጭንቀት፦ የካርል ሮጀርስ ሕይወትና በስልክ የሚሰጥ ምክር

ራቤል በሰሜን ሸዋ ደጋ የምትገኝ የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ነች። በአካባቢው ኀዘን የጸናበት፣ እንቅልፍ ያጣ ወይም ትዳሩ የታወከበት ሰው ጭንቀቱን ለንስሐ አባቱ፣ ለሽማግሌ ወይም ለጎረቤት ያዋያል። የሥነ ልቦና ባለሙያ ቢፈልግ ግን እስከ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ መጓዝ ሊኖርበት ይችላል። ዛሬ የእጅ ስልክ ይህን መንገድ ሊያሳጥረው ይችላል። ፊት ለፊት ሳይገናኙ መመካከር ይጠቅም ይሆን? ለሚለው ጥያቄ የካርል ሮጀርስ ሕይወት ጥሩ ትምህርት ይሰጣል።

ሮጀርስ እ.ኤ.አ. ጥር 8 ቀን 1902 በአሜሪካ፣ ቺካጎ አጠገብ በምትገኘው ኦክ ፓርክ ተወለዱ። ሃይማኖት አጥባቂ ለሆኑ ወላጆቻቸው ከስድስት ልጆች አራተኛ ነበሩ። የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ ቤተሰቡ ወደ ገጠር እርሻ ተዛወረ። ዩኒቨርሲቲ ሲገቡም መጀመሪያ ግብርና መረጡ፤ ኋላ ወደ ታሪክ፣ ቀጥሎም ወደ ሥነ መለኮት ተሻገሩ። በመጨረሻ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ኮሌጅ ሥነ ልቦና አጥንተው በ1931 የዶክትሬት ዲግሪ አገኙ።

ትልቁን ትምህርት ያገኙት ግን በሥራ ላይ ነው። ከ1928 ጀምሮ ለ12 ዓመታት በሮቸስተር ከተማ ችግር የገጠማቸውን ሕፃናት ሲረዱ ቆዩ። አንድ ጊዜ ጠባዩ ያስቸገረ ልጅ ያላት እናት ትመጣለች። ሮጀርስ የልጁ ችግር እናቱ ስላልተቀበለችው የመጣ ነው ብለው ስላመኑ ይህንኑ ሊያስረዷት ደጋግመው ሞከሩ። ለውጥ ባለመታየቱ ምክሩ እንዲቆም ሐሳብ አቀረቡ፤ እርሷም ተስማማች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ዘወር ብላ ለአዋቂዎችም ምክር ይሰጡ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። ተመልሳ ተቀመጠችና የትዳሯን ስቃይ ዘረገፈችው። ሮጀርስ በዚህ ጊዜ አላስተማሩም፤ አዳመጡ። ከጊዜ በኋላ ትዳሯም የልጇም ጠባይ ተሻሻለ። ሮጀርስም የታመመበትን ቦታና የሚሄድበትን አቅጣጫ ከማንም በላይ የሚያውቀው ባለጉዳዩ ራሱ መሆኑን ተረዱ።

በ1942 ባሳተሙት መጽሐፍ ታካሚ ከማለት ይልቅ ባለጉዳይ የሚል ስያሜ ተጠቀሙ። በድምፅ መቅጃ የተያዘ የአንድ ሰው የምክር ሂደትንም ሙሉ ቃሉን አውጥተው አሳተሙ። አማካሪዎች ቅጂውን ሲሰሙ የት አብዝተው እንደተናገሩ፣ የት እንዳቋረጡ መለየት ቻሉ። በ1945 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የምክር ማዕከል አቋቋሙ። በ1957 ባወጡት ጽሑፍ ደግሞ አማካሪው ከልቡ እውነተኛ እንዲሆን፣ ባለጉዳዩን ሳይፈርድበት እንዲቀበለውና ራሱን በእርሱ ቦታ አድርጎ እንዲረዳው የሚጠይቁ መሠረታዊ ሁኔታዎችን አስቀመጡ።

እርሳቸውም ከጭንቀት አላመለጡም። በ1940ዎቹ መጨረሻ ጽኑ ሕመም ያለባትን ሴት ሲረዱ ራሳቸው ስለተናወጡ ከባለቤታቸው ጋር ለወራት ከሥራ ርቀው ቆዩ። ሲመለሱም ከሥራ ባልደረባቸው ምክር አገኙ። በኋላ በዊስኮንሲን ጽኑ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ያካሄዱት ምርምር የተጠበቀውን ያህል ውጤት አላስገኘም። ይህም የማዳመጥ ምክር ወሰን እንዳለው አሳየ። በመጨረሻ ዘመናቸው በሰሜን አየርላንድና በደቡብ አፍሪካ የተቃቃሩ ወገኖችን ሲያወያዩ ቆይተው የካቲት 4 ቀን 1987 በ85 ዓመታቸው በካሊፎርኒያ አረፉ።

የኢንተርኔት ምክር ሲስፋፋ አላዩም። ነገር ግን ከላይ የተጠቀሱት ሁኔታዎች በስልክም ሊሟሉ ይችላሉ። ጥሩ አማካሪ ፊት ባያይ እንኳ የድምፅን መለወጥና ዝምታን ያስተውላል፤ የሰማውንም በራሱ አባባል መልሶ በትክክል መረዳቱን ይጠይቃል። ዝምታ ሲረዝም አብሮ እንዳለ ያሳውቃል እንጂ ምክር ለማዥጎድጎድ አይቸኩልም።

ከባለጉዳዩም የሚጠበቅ ጥንቃቄ አለ። በመጀመሪያ የአማካሪውን ሙያና ፈቃድ፣ የምስጢር አጠባበቁንና ንግግሩ የሚቀዳ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነ ሌሎች የማይሰሙበት ሰዓትና ቦታ ይምረጡ። ኔትወርክ ቢቋረጥ ማን መልሶ እንደሚደውል አስቀድመው ይስማሙ።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማ ወይም ምግብና እንቅልፍ ፈጽሞ ከጠፋ ግን የስልክ ቀጠሮ አይጠበቅም። ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ ወዲያውኑ በአቅራቢያ ወደሚገኝ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። እስከዚያው ቤተሰብና ጎረቤት ሳይፈርዱና ሳያቋርጡ በማዳመጥ ሊያግዙት ይችላሉ።