ዳርዊን እና ያላለቀው ትልቁ መጽሐፍ

ቻርልስ ዳርዊን ስለ ተፈጥሯዊ ምርጫ ያለውን ሐሳብ በ1842 እ.ኤ.አ. በእርሳስ ነድፎ፣ በ1844 ወደ 230 ገጽ አስፋፍቶት ነበር። ጽሑፉን ግን አላሳተመውም፤ ድንገት ቢሞት ባለቤቱ ኤማ እንድታሳትመው አደራ ብሎ አስቀመጠው። ከዚያም ስምንት ዓመት ያህል ባርናክል የተባሉትን፣ በባሕር ዐለትና በመርከብ ላይ የሚጣበቁ እንስሳት ሲመረምር ቆየ። መዘግየቱን የቤተ ክርስቲያንን ቁጣ በመፍራት ብቻ የሚተረጉሙ አሉ፤ የማስረጃ ጥማቱና የማይለቀው ሕመሙ ግን ሊዘነጉ አይገባም። በ1856 በጂኦሎጂስቱ ቻርልስ ላየል ጉትጎታ ትልቁን መጽሐፍ ጀመረ፤ ምዕራፎቹም ረዘሙ እንጂ ፍጻሜያቸው አልታየም።

በጁን 1858 አልፍሬድ ራስል ዋላስ ተመሳሳይ ሐሳብ የያዘ ጽሑፍ ላከለት። የሁለቱም ሥራ ጁላይ 1 ቀን በለንደን ሊኒያን ማኅበር ተነበበ። ዳርዊን ሕፃን ልጁ ከቀናት በፊት ሞቶበት ስለነበር አልተገኘም።

ከዚህ በኋላ ትልቁን ረቂቅ ወደ ጎን አድርጎ፣ እርሱ ራሱ እንደ አጽሕሮት ብቻ የሚቆጥረውን ሥራ ጀመረ፤ የግርጌ ማስታወሻና የዋቢ ዝርዝር የሌለው፣ ለማንኛውም ጠንቃቃ ተመራማሪ የሚያሳቅቅ ጽሑፍ። አሳታሚው ጆን መሪ አጽሕሮት የሚለው ቃል ከርእሱ እንዲወጣ አደረገ። ዳርዊን በማረሚያው ቅጂ ላይ ብዙ ከመለወጡ የተነሣ የእርማቱን ወጪ ለመጋራት ሐሳብ አቀረበ። የዝርያዎች አመጣጥ በኖቬምበር 24 ቀን 1859 በ1,250 ቅጂ ወጣ፤ እስከ 1872ቱ ስድስተኛ እትምም መታረሙን ቀጠለ። የትልቁ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፎች በ1868 በሌላ ሥራ ውስጥ ገቡ፤ የተረፈው ረቂቅ የታተመው በ1975 ነው።